ልጁ ተኛ



ንግግሬን በሁለት ቃል ልጀምር፦ «ልጁ ተኛ።» ቤታችን ውስጥ ከዚህ የበለጠ የሚጣፍጥ ወሬ የለም። ሌሊቱን ሲነጫነጭ ያደረ ሕፃን ሸለብ ሲያደርገው እናት ጣቷን ከንፈሯ ላይ ታደርጋለች፤ በሩ ቀስ ተብሎ ይገፋል፤ ሲኒው እንኳ ድምፅ ሳያሰማ ረከቦቱ ላይ ይቀመጣል። እኔ በምሠራበት ክፍልም ይህ ወሬ እንደዚያው ይጣፍጣል። ሥራዬ ማደንዘዣ መስጠት ነው። ለምርመራ መጥቶ አልረጋ ያለ ሕፃን መርፌው ሠርቶለት ጸጥ ሲል፣ ሲጠብቅ የዋለው ሰው ሁሉ «እሰይ» ይላል። እኔም ለዓመታት «እሰይ» ሲሉ ከነበሩት አንዱ ነኝ። ዛሬ የምነግራችሁ ያንን ቃል ስለተውኩበት ቀን ነው።

ሥራ ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነበር። ሆስፒታሉን አልጠራውም፤ ጥፋቱ በእኔ እጅ ስላለፈ የቦታው ስም ለማንም አይጠቅምም። ሕፃኑ የአምስት ወር ልጅ ነው፤ ክብደቱ 6 ኪሎ። ጭንቅላቱ ከዕድሜው በላይ እያደገ ስለመጣ ሲቲ ስካን ታዞለታል። እናቱ ከገጠር ነው የመጣችው። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ጡት እንዳትሰጠው ተነግሯት አልሰጠችውም። ተራው የደረሰው ረፋድ አምስት ሰዓት ላይ ነው። ስድስት ሰዓት ሙሉ ባዶ ሆዱን የቆየ ሕፃን እንዴት እንደሚያለቅስ ወላጅ የሆነ ያውቀዋል። ድምፁ ሰልሏል፤ ግን አላቆመም። በአንድ እጁ የእናቱን አመልካች ጣት ጨብጧል።

ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ባለሙያ ሰዓቱን ያያል። ውጭ ወረፋው ኮሪደሩን ሞልቶታል። ትሪው ላይ፣ ተረኛ የነበረው ባልደረባዬ ቀድቶ ያስቀመጠው ሲሪንጅ አለ። ፕላስተር ተለጥፎበት በእስክርቢቶ «ሚዳ» ተብሎ ተጽፎበታል፤ ሚዳዞላም ለማለት ነው። ይህ መድኃኒት በዚያን ጊዜ ወደ እኛ ክፍል ይመጣ የነበረው 5 ሚሊ ግራሙ በ5 ሲሲ ውስጥ ሆኖ ነበር። አንድ ሲሲ ማለት አንድ ሚሊ ግራም ማለት ነው። በኪሎ 0.1 ሚሊ ግራም ብዬ አሰብኩ፤ ለ6 ኪሎ 0.6 ሚሊ ግራም፣ ማለትም 0.6 ሲሲ። ቁጥሩ ከሚሊ ግራም ወደ ሲሲ ሲሄድ እንኳ ስለማይለወጥ፣ የለመደ እጅ ጭንቅላትን ሳይጠይቅ ይሠራዋል። ሰጠሁት።

ልጁ ተኛ። «እሰይ፣ ዛሬስ ቶሎ ተኛ» አለ የማሽኑ ባለሙያ። ነርሷ ፈገግ አለች። እኔም ደስ አለኝ፤ ለምን ደስ አይለኝም? ያዘዝኩት ይህንኑ ነው። እናትየዋ ወደ ውጭ እንድትወጣ ተነገራት፤ በሩ ጋ ስትደርስ ዘወር ብላ አየችን፣ ከዚያ ወጣች።

ከማሽኑ ክፍል መስተዋት ጀርባ ነበርኩ። የልጁ አውራ ጣት ላይ የኦክስጅን መለኪያ ተገጥሟል። ይህ መሣሪያ አንድ ትልቅ ውለታ አለው፦ ዓይንህ ሌላ ቦታ ቢሆንም ለጆሮህ ይናገራል። ኦክስጅኑ ሲወርድ ድምፁ እየወፈረ ይሄዳል። ድምፁ ወፈረብኝ። 94 ነበር። ቀና ብዬ ሳይ 88። በሩን ከፍቼ አልጋው ጋ እስክደርስ 79። ደረቱ አይነሳም። አገጩን ቀና አድርጌ አምቡ ባጉን አፉና አፍንጫው ላይ ገጠምኩና መጭመቅ ጀመርኩ። ደረቱ በእኔ እጅ ሲነሳ፣ በእኔ እጅ ሲወርድ አየሁት። የራሱን ትንፋሽ እስኪይዝ ምን ያህል ጊዜ እንደቆየሁ ስጠየቅ «ሃያ ደቂቃ ያህል» እላለሁ። ለእኔ ግን ያ ቀን ሃያ ደቂቃ አልነበረም።

የሰጠሁት 0.6 ሚሊ ግራም ሳይሆን 3 ሚሊ ግራም ነበር፤ አምስት እጥፍ። በዚያ ሳምንት ከፋርማሲው የወጣው አምፑል 5 ሚሊ ግራሙን የያዘው በ1 ሲሲ ውስጥ ነው። ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ገብቼ ያንን ባዶ አምፑል አገኘሁት፣ ከአሮጌው ጎን አስቀምጬ አየሁት። ሁለቱም ላይ ጎላ ብሎ የተጻፈው «5 ሚሊ ግራም» ነው። በስንት ሲሲ እንደሆነ የሚናገረው ጽሑፍ ከሥር በጉንዳን ፊደል ተጽፏል። ሲሪንጁ ላይ ያለው ፕላስተር ደግሞ «ሚዳ» ከማለት በቀር ምንም አይናገርም።

ይህን ያህል በዝርዝር የነገርኳችሁ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። የብዙ ሌሎች መድኃኒቶች መጠን ሲበዛ ሰውነት ይጮሃል። ኢንሱሊን ሲበዛ በሽተኛው ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፤ ሌላው ያስመልሳል፣ ሌላው ያሳክካል። ማስተኛ ሲበዛ ግን መጀመሪያ የሚታየው ምልክት ራሱ የፈለግነው ነገር ነው። ልጁ ጸጥ ይላል። ጭንቀታችን በሚያበቃበት ሰከንድ ነው አደጋው የሚጀምረው። ስለዚህ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ትከሻውን ዝቅ በሚያደርግበት ቅጽበት አንድ ሰው ትከሻውን ከፍ ማድረግ አለበት፤ ያም ሰው ሌላ ምንም ሥራ ሊኖረው አይገባም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ስለ ሕፃናት ማስተኛ የመጀመሪያ መመሪያውን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው፤ በየጊዜው እየተሻሻለ በመጣው በዚህ መመሪያ ጥልቅ ማስተኛ ሲሰጥ ምርመራውን ከሚሠራው ባለሙያ ሌላ፣ ልጁን ብቻ የሚያይ የሠለጠነ ሰው መኖር አለበት። በየቦታው ይህ ሰው «ትርፍ» ተብሎ የሚቀነሰው የመጀመሪያው ነው።

እስቲ አሁን ትንሽ ሒሳብ አብረን እንሥራ። ሒሳብ የማትወዱ አትደንግጡ፤ የአራተኛ ክፍል ሒሳብ ነው። አደጋውም እሱ ላይ ነው፤ ማንም አያከብረውም።

በአገራችን ሆስፒታሎች በብዛት የምንጠቀምበት ማደንዘዣ ኬታሚን ነው። ብልቃጡ ላይ ብዙ ጊዜ የምታገኙት በአንድ ሲሲ 50 ሚሊ ግራም የሚለውን ነው። ይህ ለአዋቂ የተሰናዳ ጥንካሬ ነው። አሁን 4 ኪሎ የሚመዝን ጨቅላ አምጡ። በኪሎ 1 ሚሊ ግራም በደም ሥር ይሰጠው ተባለ፤ 4 ሚሊ ግራም ማለት ነው። ከዚያ ብልቃጥ ሲቀዳ 0.08 ሲሲ ይሆናል። በ10 ሲሲ ሲሪንጅ ልቅዳው ብትሉ ከመጀመሪያው መስመር በታች ነው፤ ጠብታ ነው። በተራ ሲሪንጅ ጫፍና በመርፌው ውስጥ፣ ገፊው ጫፍ ድረስ ከተገፋ በኋላ እንኳ የሚቀር ፈሳሽ አለ፤ በአንዳንዱ ሲሪንጅ 0.07 ሲሲ ይደርሳል። ልብ በሉ፣ የልጁ ሙሉ መጠን 0.08 ነው። አንዲት ጠንቃቃ ነርስ 0.08ቱን በትክክል ቀድታ፣ «ትንሽ ስለሆነ ላቅጥነው» ብላ በዚያው ሲሪንጅ ውሃ ብትስብ፣ ጫፉ ውስጥ ተደብቆ የነበረው መድኃኒት አብሮ ይገባል። እሷ ሳትሳሳት ልጁ እጥፍ ያህል ሊደርሰው ነው። ማንም የተሳሳተ ቁጥር አልጻፈም፣ ማንም አልቸኮለም። መፍትሔው ቀላል ነው፦ አስቀድሞ በትልቁ ማቅጠን፣ ከቀጠነው ላይ በአንድ ሲሲ ሲሪንጅ መቅዳት፣ ፕላስተሩ ላይም ስሙን ብቻ ሳይሆን «በ1 ሲሲ ይህን ያህል ሚሊ ግራም» ብሎ መጻፍ። ቀላል ነው ስላልኩ ግን ሁልጊዜ ይደረጋል ማለቴ አይደለም።

ስለ ቋንቋችንም አንድ ነገር ልበል። ዋርድ ውስጥ «ግማሽ ሲሲ ስጪው» ስንባባል እንውላለን። ሲሲ የውሃው ልክ ነው፤ የመድኃኒቱ ልክ አይደለም። «አንድ ኩባያ ስጪው» እንደማለት ነው፤ ኩባያው ውስጥ ጠላ ይሁን አረቄ ሳይነገር። ደግሞ ነጥብ የምትባለው ነገር አለች። «ዜሮ ነጥብ አምስት» የሚለውን ሰው ሲቸኩል «ነጥብ አምስት» ይለዋል፤ ጫጫታ ያለበት ክፍል ውስጥ «አምስት» ብቻ ይሰማል። ጽሑፍ ላይም ያው ነው፦ ከ1 በኋላ ነጥብና ዜሮ ሲጨመሩ፣ ነጥቧ ስትደበዝዝ 10 ትሆናለች። በሌላ ሙያ አሥር እጥፍ መሳሳት ወዲያው ዓይን ላይ ይወድቃል፤ ግንበኛ አሥር እጥፍ ሲሚንቶ ቢያዝ መኪና ሙሉ ይመጣበታል። የጨቅላ ሕፃን አሥር እጥፍ ግን አንድ ትንሽ ሲሪንጅ ውስጥ ይገባል። ለአዋቂ የተለመደው መጠን ስለሆነም ለእጅ እንግዳ አይሆንም።

ሰውነቱ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። ሕፃን በኪሎ ሲሰላ ከአዋቂ እጥፍ ያህል ኦክስጅን ይጠቀማል፤ ያከማቸው ግን ጥቂት ነው። እኔና እናንተ ትንፋሻችን ቢቆም ደቂቃዎች ሊኖሩን ይችላሉ፤ እሱ ሰከንዶች ናቸው ያሉት። የጭንቅላቱ ጀርባ ትልቅ ስለሆነ በጀርባው ሲተኛ አገጩ ወደ ደረቱ ይታጠፍና የአየር መንገዱ ይጠብባል፤ ለዚህ ነው ከትከሻው ሥር የታጠፈ ፎጣ የምናስገባው። አዲስ የተወለደ ልጅ ጉበት ሚዳዞላምን ቶሎ አያስወግደውም፤ በአዋቂ ደም ውስጥ በሁለት ሰዓት አካባቢ በግማሽ የሚቀንሰው መድኃኒት በጨቅላ ውስጥ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል።

ከሁሉ የሚያሳፍረኝን ነገር እዚህ ላይ ልንገራችሁ። ያ ሕፃን ያለቅስ የነበረው ፈርቶ አልነበረም፤ ርቦት ነው። ጡት የከለከልነው ማስተኛ ስለምንሰጠው ነው፤ ማስተኛ የሰጠነው ስለሚያለቅስ ነው። የሚያለቅሰው ጡት ስለከለከልነው ነው። ክቡ ይህ ነው። ለእናት ጡት የሚመከረው የጾም ጊዜ አራት ሰዓት ሆኖ ሳለ ስድስት ሰዓት አስቆየነው፤ ወረፋው ስለተጓተተ። እንደዚያ ያለ አጭር ምርመራ ለትንሽ ሕፃን ብዙ ጊዜ ያለ መድኃኒት ይሠራል። ተራው ሊደርስ ሲል እናቱ ታጠባዋለች፣ በሻሽ ጠቅለል ታደርገዋለች፣ መብራቱ ደብዘዝ ይላል፣ ልጁ በራሱ ይተኛል። ይህን ዘዴ በፈረንጅ አገር ያሉ የራጅ ክፍሎች በመመሪያ አስገብተውታል፤ የእኛ አያቶች ደግሞ መመሪያ ሳይጻፍላቸው ያውቁታል። የሚጠይቀው ወረፋው ከልጁ እንቅልፍ ጋር እንዲስማማ ማድረግ ብቻ ነው። እኛ ግን ልጁን ከወረፋው ጋር ማስማማት መረጥን።

አሁን ከእኔ ክፍል ወጣ ልበል። ማስተኛ መድኃኒት የዛሬ አይደለም። ክሎራል ሃይድሬት የሚባለውን ጀርመናዊው ኬሚስት ሊቢሕ እ.ኤ.አ. በ1832 አዋሐደው፤ ሊብራይሕ የተባለው ሌላ ጀርመናዊ በ1869 ለእንቅልፍ አዋለው። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ሲሠራበት ኖሯል፤ በኋላም ሕፃናት ለልብ ኢኮ፣ ለአንጎል ኢኢጂ፣ ለዓይን ምርመራ ሲጠጡት ቆይተዋል። ጣዕሙ እጅግ መጥፎ ነው። ሕፃኑ ግማሹን ይተፋዋል፤ ስንቱ ሆዱ ውስጥ እንደገባ የሚያውቅ የለም። ደግሞ ቶሎ አይሠራም። ሃያ ደቂቃ ይጠበቃል፣ ልጁ አልተኛም፤ «ጨምሩለት» ይባላል፤ ይጨመራል። ከዚያ የመጀመሪያውም ሁለተኛውም አንድ ላይ ይደርሳሉ። ትዕግሥት ማጣት ራሱ ከመጠን በላይ መስጠት ሲሆን የምታዩት እዚህ ላይ ነው። በአንዳንድ ቦታ ወላጅ ቤቱ ሆኖ እንዲሰጠው ይታዘዝ ነበር። ልጁ መኪና ውስጥ፣ በመቀመጫው አንገቱ ታጥፎ፣ ማንም ሳያየው ትንፋሹ ይቆማል። ሌላው ምርመራው በሰላም አልቆለት ወደ ቤት ሲመለስ መንገድ ላይ።

ቻርልስ ኮቴ የተባሉት አሜሪካዊ የሕፃናት ማደንዘዣ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር እንዲህ ያሉ አደጋዎችን ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ2000 አሳተሙ። 95 ሕፃናትና ልጆች። 51ዱ ሞተዋል፤ 9ኙ ዘላቂ የአንጎል ጉዳት ደርሶባቸዋል። ሲመረምሩት ጥፋቱ የአንድ መድኃኒት ወይም የአንድ አሰጣጥ ሆኖ አልተገኘም፤ በአፍ የተሰጠውም፣ በደም ሥር የተሰጠውም አለበት። ደጋግሞ የመጣው መጠን መብዛት፣ ሁለትና ሦስት መድኃኒት መደራረብ፣ በትክክል አለመከታተልና ትንፋሽ ሲቆም ማስነሳት አለመቻል ነው። ከሆስፒታል ውጭ፣ ለምሳሌ ጥርስ ሕክምና ክፍል ውስጥ የደረሱት ደግሞ ፍጻሜያቸው የከፋ ነበር። ዛሬ መመሪያው ግልጽ ነው፦ ማስተኛ መድኃኒት በመኖሪያ ቤት አይሰጥም።

ወላጆች፣ ይህ እናንተንም ይመለከታል። ልጁ እንዲረጋጋ ብላችሁ ከመምጣታችሁ በፊት የጉንፋን ሽሮፕ አጠጥታችሁ ከሆነ ንገሩን። ብዙዎቹ የአለርጂ ሽሮፖች ያስተኛሉ። ፕሮሜታዚን የሚባለው ከሁለት ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳይሰጥ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2004 ከባድ ማስጠንቀቂያ ያስለጠፈበት ትንፋሽ ስለሚያቆም ነው። አንቆጣችሁም። ብንቆጣችሁም ንገሩን።

ስለ ኬታሚን የተጻፈ አንድ አጭር ጥናትም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ። ዘጠኝ ልጆች በስህተት ከታሰበላቸው ከ5 እስከ 100 እጥፍ ኬታሚን ተሰጥቷቸው፣ ከሦስት ሰዓት እስከ ሙሉ ቀን ተኝተው፣ ሁሉም በደህና ነቅተዋል። ባልደረቦቼ ይህን ሲሰሙ ይጽናናሉ። እኔ አልጽናናም። ይቅር ባይ መድኃኒት ልክ እንደ ይቅር ባይ ጎረቤት ነው፤ ስንበድለው ስለማይናገር መበደላችንን እንቀጥላለን።

ጀምስ ሪዝን የሚባሉ እንግሊዛዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ስለ ሰው ስህተት ሲያስተምሩ የተደረደሩ የአይብ ቁራጮችን በምሳሌነት ይጠቀሙ ነበር፤ እያንዳንዱ መከላከያ ቀዳዳ አለው፣ ቀዳዳዎቹ የተገጣጠሙ ቀን አደጋ ያልፋል። የእኛ አይብ ቀዳዳ ስለሌለው ምሳሌው ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ ያስቸግራል፤ ስለዚህ ወንፊት እላቸዋለሁ። በእኔ ቀን ፋርማሲው አምፑሉን ሲለውጥ ለማንም አልተናገረም፤ አንድ ወንፊት። ባልደረባዬ ጥንካሬውን አልጻፈም። እኔ ራሴ ያልቀዳሁትን ሰጠሁ፣ አምፑሉን አሳዩኝ አላልኩም። ሁለተኛ ሰው አላመሳከረም። እኔ ከመስተዋቱ ጀርባ ቆምኩ። የመጨረሻው ወንፊት ብቻ ያዘ፤ ያቺ ድምፅ የምታወፍር መሣሪያ። መርሑን ታኩኦ አኦያጊ የሚባል ጃፓናዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ባያገኘው ኖሮ ዛሬ እዚህ ቆሜ አልናገርም ነበር። ብዙ ዓመት በአገራችን ያለ እሷ ነበር የሚሠራው፤ ላይፍቦክስ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ2011 የተቋቋመ ድርጅት መሣሪያዋን ለማዳረስ አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ የሚሠራው ለዚህ ነው። ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፦ ልጁ ኦክስጅን በጭንብል እየተሰጠው ከሆነ ትንፋሹ ከቆመ በኋላ እንኳ ቁጥሩ ለጥቂት ጊዜ 98 ብሎ ሊቆይ ይችላል። የሚወጣውን አየር የሚለካ መሣሪያ ከሌለ እጃችሁ ደረቱ ላይ ይሁን።

ከአደጋው በኋላ ያለው ሰዓት ላይ ልቆይ፤ ትልቁ ጥፋቴ እዚያ ነውና። ልጁ በራሱ መተንፈስ ሲጀምር አንድ አለቃዬ ወደ ጎን ጠራኝ። «መድኃኒቱ ትንሽ ጠንከር ብሎበት ነው በላት። ሌላ ነገር አትዘባርቅ» አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም። የሚያውቀውን ነው የመከረኝ። የ1996ቱ የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ሲደነግግ፣ የሰውን ሕይወት የመጠበቅ ሙያዊ ግዴታ ያለበትን በምሳሌ ሲጠራ ሐኪምንና አሽከርካሪን በአንድ መስመር ያስቀምጣቸዋል፤ ቅጣቱም ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ቀላል እስራት ነው። ይህን የሚያውቅ ባለሙያ አፉን ቢዘጋ አይገርመኝም። በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት አንዲት ነርስ እ.ኤ.አ. በ2017 ለስካን የመጡ የ75 ዓመት ሴት እንዲረጋጉ ይህንኑ ሚዳዞላም ልትሰጥ ስትል፣ የመድኃኒት ማሽኑ ላይ የንግድ ስሙን ሁለት ፊደል መታች፤ በዚያው ሁለት ፊደል የሚጀምር ጡንቻ የሚያሽመደምድ መድኃኒት ወጣላት። ሰጠች። ሴትዮዋ ሞቱ። ማስጠንቀቂያ አልፋለች፣ ብልቃጡን በደንብ አላነበበችም፤ ይህ ሐቅ ነው። ግን ደግሞ ጥፋቷን ራሷ ተናግራለች። በ2022 ፍርድ ቤት በወንጀል ጥፋተኛ አላት፤ ሦስት ዓመት የአመክሮ ቅጣት ተወሰነባት። እኔ ዳኛ አይደለሁም። ፍርዱ በተሰማበት ሳምንት ስንት ነርስ፣ በስንት አገር፣ ያጋጠመውን ዋጥ አድርጎ እንደሄደ ግን እጠረጥራለሁ። የዋጠው ሰው አምፑሉ መለወጡን አልተናገረም፤ ያ አምፑል በማግስቱ ሌላ እጅ ጠበቀ።

የሌላ እናት ታሪክም አለ፤ እሷ ራሷ በአደባባይ የተናገረችው ነው። ሶረል ኪንግ ትባላለች። የ18 ወር ልጇ ጆዚ በሙቅ ውሃ ተቃጥላ እ.ኤ.አ. በ2001 ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ትተኛለች። እያገገመች ነበር። እናት ልጇ እርጥብ ፎጣ እየመጠጠች ውሃ ስትለምን ታያለች፣ ትናገራለች፤ «ደህና ናት» ይሏታል። ከዚያ አደንዛዥ ማስታገሻ እንዳይሰጣት ተብሎ ሳለ አንዲት ነርስ ሜታዶን ይዛ ትመጣለች፤ እናት ትቃወማለች፤ ትዕዛዙ ተለውጧል ይባላል። ልጅቷ በፈሳሽ እጥረትና በዚያ መድኃኒት ምክንያት ሞተች። ሶረል ከካሳው ገንዘብ ከፊሉን ለዚያው ሆስፒታል የበሽተኞች ደኅንነት ሥራ ሰጠች። በ2005 ደግሞ ፒትስበርግ ያለ አንድ ሆስፒታል፣ የእሷን ታሪክ ሰምቶ፣ ቤተሰብ ራሱ ስልክ ደውሎ የአስቸኳይ ቡድን የሚጠራበት አሠራር ዘረጋ። እኛ አገር አስታማሚ አልጋው ሥር ያድራል፣ ፍራሽ ዘርግቶ፣ ሌት ተቀን። ከየትኛውም መሣሪያ በላይ ልጁን የሚያየው እሱ ነው። የምናዘው ግን መድኃኒት ገዝቶ እንዲመጣ ነው።

ወደዚያ ቀን ልመለስና ላብቃ። እንደተመከርኩት ነገርኳት፤ «እህቴ፣ መድኃኒቱ ትንሽ ጠንከር ብሎበት ነው፣ አይዞሽ።» እሷም «እሺ፣ ዶክተር» አለች፤ ዶክተር እንዳልሆንኩ ብነግራትም። የሚዳዞላምን ኃይል የሚሽረው ፍሉማዜኒል የሚባል መድኃኒት በሆስፒታሉ ስላልነበረ የሚደረገው መጠበቅ ብቻ ነው። ልጁ እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ተኛ። እኔም አልጋው አጠገብ ቆየሁ። ነቅቶ ጡት ሲፈልግ አይቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ። አልተኛሁም።

በማግስቱ ማለዳ ተመለስኩ። አልጋው ላይ ተቀምጣ እያጠባችው ነበር። ሁለቱን ባዶ አምፑሎች ከኪሴ አውጥቼ መዳፌ ላይ አስቀመጥኳቸው፣ አንብባ ባትረዳውም አሳየኋት። «አምስት እጥፍ ነው የሰጠሁት። ሲሪንጁን ሳላጣራ። ትንፋሹ የቆመው በእኔ ነው» አልኳት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ልጁ ጠግቦ ጡቱን ለቀቀ፤ አመልካች ጣቷን እንደጨበጠ ዓይኑን ከደነ። እሷም ጣቷን ሳትነቅል ቀና ብላ አየችኝ።

«አውቄዋለሁ እኮ» አለች። «ይህ ልጅ ተኝቶም ጣቴን አይለቅም። ትላንት ለቀቀኝ። ምነው ልጄ ብዬ ልጠይቅ አፌን ስከፍት፣ ሁላችሁም ደስ ብሏችሁ ነበር።»